ባዝራ ስታረግዝና ስትወልድ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ላም ሲያዋልዱ የኖሩ ሰዎች ባዝራ (ሴት ፈረስ) ላይ የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ በሰዓት። ላም ለረጅም ሰዓት አምጣ ጥጃዋ በሕይወት ሊወለድ ይችላል። ባዝራ ግን የእንሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ ውርንጭላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መውጣት አለበት። ምጧ በጣም ኃይለኛ ነው። እንግዴ ልጁም ከማህፀን ቶሎ ይላቀቃል። ሲላቀቅ ደግሞ ውርንጭላው ኦክስጅን የሚያገኝበት መንገድ ይዘጋል።

ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ ከምልክቱ ጋር ሰዓቱንም ያዙ። የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ ቁጥር ምጡ ከመጀመሩ በፊት እጃችሁ ላይ ይሁን። የተጠቃችበትን፣ ማለትም ከወንዱ ጋር የተገናኘችበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ። ውሃው የፈሰሰበትን ደቂቃም እንደዚያው ጻፉ፤ በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ጊዜ መገመት አይቻልም።

ቀኗ አልፏል፣ አልወለደችም

አብዛኛውን ጊዜ ይህ ችግር አይደለም። የባዝራ እርግዝና በአማካይ 340 ቀን ገደማ ቢሆንም ከ320 እስከ 365 ቀን ያለው ሁሉ የተለመደ ነው። ወንድ የያዘች ጥቂት ቀን ልትዘገይ ትችላለች። ቀኑ በሚያጥርበት ወቅት የምትወልድም እንዲሁ።

ቀን ከመቁጠር ይልቅ ጡቷን ተመልከቱ። ከመውለዷ ከ2 እስከ 6 ሳምንት በፊት መሙላት ይጀምራል። ሊወለድ ከ1 እስከ 4 ቀን ሲቀረው ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ሰም የመሰለ ጠብታ ይታያል። በጅራቷ ሥር ያለው ሥጋ ይለሰልሳል፣ ብልቷም ይረዝማል። ሰም ሳያሳዩ የሚወልዱ ስላሉ በአንዱ ምልክት ብቻ አትተማመኑ። አብዛኞቹ የሚወልዱት ሌሊት ነው።

ቀኑ አለፈ ብሎ በመርፌ ምጥ ማስጀመርን አልደግፍም። የውርንጭላ ሰውነት ለመወለድ የሚዘጋጀው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው፤ ቀድሞ የወጣ ውርንጭላ መተንፈስም መቆምም ያቅተዋል። አንድ ለየት ያለ ሁኔታ ግን አለ። ቀኗ አልፎ ጡቷ ጨርሶ ካልሞላና ፌስኪዩ የሚባለውን ሣር ስትግጥ ከቆየች፣ ሣሩ ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ወተቷን አስቀርቶባት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሣር ቢያንስ 60 ቀን ሲቀራት ማቆም ይገባል። ካለፈ በኋላም ቢሆን ሐኪም የሚያዝላት መድኃኒት ስላለ ደውሉ።

ገና ሳምንታት እየቀሯት ጡቷ ሞላ፣ ወተትም ያንጠባጥባል

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔ እንድትሰጉ እፈልጋለሁ። ዋናዎቹ መንስኤዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የእንግዴ ልጅ ብግነት ነው፤ ጀርሞች ከውጭ በማህፀን በር በኩል ገብተው የሚያመጡት። ጅራቷን አንሱና ከሥሩ ፈሳሽ ወይም የደረቀ ቆሻሻ ካለ እዩ። ሁለተኛው መንታ ነው። የባዝራ ማህፀን ሁለት ጽንስ የሚመግብ ቦታ ስለሌለው መንታ እርግዝና አብዛኛውን ጊዜ በማስወረድ ያበቃል።

ብግነቱ በጊዜ ከተደረሰበት ሐኪም በአንቲባዮቲክ፣ በብግነት ማስታገሻና በሆርሞን እርግዝናውን ሊያቆየው ይችላል። በዚያው ቀን ደውሉ። መንታን መከላከል የሚቻለው መጀመሪያ ላይ ነው። ከተጠቃች በ14ኛውና በ16ኛው ቀን መካከል በአልትራሳውንድ ከታየ ሐኪሙ አንዱን አስወግዶ ሌላውን ማትረፍ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። የሚንጠባጠበው ወተት ብዙውን ጊዜ እንገሩ፣ ማለትም ውርንጭላው መጀመሪያ የሚጠባው ወተት ነው። አንዴ ከፈሰሰ ተመልሶ አይተካም። ስለዚህ ከሌላ ባዝራ የተገኘ በበረዶ የተቀመጠ እንገር ከአሁኑ ፈልጉ።

አስወረደች

የወጣውን ጽንስና እንግዴ ልጅ አትጣሉ። በጓንት አንስታችሁ በላስቲክ ጠቅልሉና ለምርመራ አቆዩ። ባዝራዋን ከሌሎች እርጉዞች ለዩ። ከ7 ወር በኋላ የሚያጋጥም ማስወረድ የፈረስ ሄርፒስ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። ለዚህ ቫይረስ በ5ኛው፣ በ7ኛውና በ9ኛው ወር የሚሰጥ ክትባት አለ።

ቀይ ነገር ቀድሞ ወጣ

ይህን ክፍል ምጡ ከመድረሱ በፊት ደጋግማችሁ አንብቡት፤ በዚያ ሰዓት ለማንበብ ጊዜ የለም።

በጤናማ ምጥ መጀመሪያ የሚታየው ነጣ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስስ ከረጢት ነው። በእሱ ፋንታ ቀይ፣ እንደ ከፋይ ሻካራ ነገር ከወጣ እንግዴ ልጁ ሳይቀደድ ከማህፀን ተላቋል ማለት ነው። ውርንጭላው ውስጥ ሆኖ እየታፈነ ነው።

ሐኪም እስኪመጣ አትጠብቁ። ቀዩን ከረጢት ወዲያው በመቀስ ቅደዱት። መቀስ ከሌለ በተገኘው ስለት፣ ውርንጭላውን እንዳይነካ ተጠንቅቃችሁ ቅደዱ። ውስጡ ያለውን ነጭ ከረጢትም ክፈቱና እግሮቹን ያዙ። እሷ ስታምጥ ብቻ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ እግሯ ቁርጭምጭሚት አቅጣጫ ሳቡ። ስልኩን ሌላ ሰው ይደውል። በሕይወት ከወጣም ቀጣዮቹን ሁለት ቀናት ተከታተሉት። ኦክስጅን ያጠረው ውርንጭላ ሲወለድ ደህና መስሎ ቆይቶ ጡት መፈለግ ሊተው፣ ግድግዳ ሊልስ ወይም ያለ ዓላማ ሊዞር ይችላል።

ውሃዋ ፈሰሰ፣ ግን ምንም አይታይም

10 ደቂቃ አልፎ ከረጢትም እግርም ካልታየ ደውሉ። እጃችሁንና ብልቷን በሳሙና አጥባችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። በትክክለኛው አቀማመጥ ሁለት የፊት እግሮች ይመጣሉ፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ቀድሞ፣ የኮቴው ሥር ወደ መሬት ዞሮ። አፍንጫው ጉልበቶቹ ላይ ያርፋል። አንዱ እግር መቅደሙ ትከሻው እንዲጠብና እንዲያልፍ ስለሚረዳ እኩል ለማድረግ አትሞክሩ።

እግር አንድ ብቻ ከሆነ፣ ጭንቅላት ከሌለ ወይም የኮቴው ሥር ወደ ሰማይ ከዞረ አትሳቡ። ወደ ሰማይ የዞረ ኮቴ ውርንጭላው በኋላ እግሩ እየመጣ ነው ወይም በጀርባው ተገልብጧል ማለት ነው። ባዝራዋን አስነሱና አራምዷት። ስትራመድ ምጡ ስለሚቀንስ ውርንጭላው ይበልጥ አይቀረቀርም፣ ለሐኪሙም ጊዜ ይተርፋል። ብዙ ሰው ገመድ አስሮ መጎተት ውርንጭላውን ይገድላል፣ እናቲቱንም ይቀዳል።

ከወጣ በኋላ እትብቱን አትቁረጡ። ወይ እሷ ስትነሳ ወይ እሱ ሲንቀሳቀስ ራሱ ይበጠሳል። የቀረውን ጫፍ 0.5 በመቶ በሆነ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) ንከሩት። ጠንካራ አዮዲን ቆዳውን ያቃጥላል።

እንግዴ ልጁ አልወጣም

እዚህም የላም ልምድ ያሳስታል። ላም እንግዴ ልጇን አንድ ቀን ብታቆየው ብዙ ጊዜ ትቋቋመዋለች። ባዝራ 3 ሰዓት ካለፋት አጣዳፊ ነው። የቀረው ሥጋ ማህፀኗን ያመረቅዛል። መርዙ በደሟ ገብቶ ኮቴዋ ውስጥ ብግነት ያመጣል፤ ከዚህ የተነሳ አንክሳ የምትቀርም፣ የምትሞትም አለች።

በእጅ አትሳቡት፣ ክብደትም አትስቀሉበት። ተቀዶ ቁራጩ ውስጥ ይቀራል። የተንጠለጠለውን እንዳትረግጠው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ጠቅልላችሁ እሰሩት። ሐኪሙ ማህፀንን የሚያኮማትር ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይሰጣታል፣ ካስፈለገም ማህፀኗን ያጥባል።

በራሱ ከወጣም መሬት ላይ ዘርግታችሁ መርምሩት። እንደ ማህፀኗ ቅርጽ ቀንድ የሚባሉ ሁለት ክንፎች አሉት፤ ሁለቱም ጫፋቸው ሙሉ መሆን አለበት። ተቀዶ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጽንሱ ያልነበረበት የትንሹ ቀንድ ጫፍ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ በባልዲ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ሐኪሙ ይየው።

ከወለደች በኋላ ላብ አጠመቃት፣ ድዷ ነጣ

ከወሊድ በኋላ ማህፀኗ ሲኮማተር ቀላል ቁርጠት ይኖራል፤ ያልፋል። ድዷ ከነጣ፣ ልቧ በፍጥነት ከመታና ከተንቀጠቀጠች ግን የማህፀን ደም ሥር ተበጥሶ ወደ ውስጥ እየደማች ይሆናል። በተለይ ዕድሜያቸው በገፉ ባዝራዎች ይታያል። እንደ ተራ ቁርጠት አታራምዷት። ጨለም ባለ ጸጥ ያለ ጋጣ አቆዩዋት፣ ውርንጭላዋን ሳታርቁ። ሐኪሙ ወደ እሷ ይምጣ።

ውርንጭላው አልቆመም፣ አልጠባም

በ1 ሰዓት ይቆማል፣ በ2 ሰዓት ይጠባል። ከዚህ ካለፈ አንድ ነገር አለ፤ ያለ ቀኑ መወለድ፣ ኦክስጅን ማጣት ወይም ኢንፌክሽን። ውርንጭላ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ መከላከያ የለውም፤ ሁሉንም የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱ ያንን የሚቀበለው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በየሰዓቱ አቅሙ ይቀንሳል።

መጥባት ካልቻለ እናቱን አልቡና በጡጦ ስጡት። አፉ ውስጥ ጣት ሲገባ የማይስብ ውርንጭላን ግን በግድ አታጠጡ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። እሱ በሐኪም በቱቦ ይሰጠዋል። ጡት አካባቢ ሲንጎዳጎድ አይታችሁ ጠብቷል ብላችሁ አትደምድሙ። ግንባሩ ላይ ወተት ካለና የእናቱ ጡት እንደተወጠረ ከሆነ አልጠባም። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ሲሞላው ደሙ ቢመረመር፣ መከላከያው ከ800 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ሊሰጠው ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች ባዝራ ጡቷ ስለሚያማት ብቻ ልታባርረው ትችላለች። አንድ ሰው ይያዛት፣ ትንሽ ይታለብላት፣ ከዚያ ይቅረብ። የምትነክሰውና የምትረግጠው ከሆነ ብቻቸውን አትተዉ።

ጅራቱን እያወዛወዘ ያምጣል

የመጀመሪያው ጥቁር ፋንድያ ደርቆበት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ለብ ባለ ውሃ ቀስ ብሎ በሐኪም ይታጠባል። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ሆዱ ከተነፋና ለመሽናት እያማጠ ጥቂት ብቻ ከሸና ግን ፊኛው ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ጊዜ አትስጡት።

ደህና ተወልዶ በ2ኛው ቀን ደከመ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ

ይህ በእንገር የሚመጣ ችግር ነው። እናቲቱ በውርንጭላው ደም ላይ የሚዘምት መከላከያ ሠርታ ከነበረ፣ ሲጠባ እሱም አብሮ ይገባና ቀይ የደም ሕዋሳቱን ያፈርሳል። ከአህያ የተጠቃች ባዝራ በቅሎ ስትወልድ በብዛት ይታያል። መጀመሪያ የምትወልደው ደህና ሆኖ፣ ችግሩ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሊጀምር ይችላል።

ምልክቱ ሲታይ አታስሩጡት፣ አታድክሙት፤ ኦክስጅን የሚሸከምለት ደም አንሶታል። ዕድሜው ከ48 ሰዓት በታች ከሆነ ከእናቱ ጡት አግዱት፣ ሌላ ወተት ስጡት፣ ሐኪምም ጥሩ። ደም መቀበል ሊያስፈልገው ይችላል።

አንዴ ይህ የደረሰባት ባዝራ በሚቀጥለው ስትወልድ ውርንጭላው ገና ሳይጠባ አፉ ላይ ልጓም መሰል መሸፈኛ ይደረግለት። እንገር ከሌላ ባዝራ ይጠጣ። የእናቱን ጡት በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ እያለባችሁ ድፉት። ከ48 ሰዓት በኋላ አንጀቱ ስለሚዘጋ መሸፈኛውን አንሱለትና ወደ እናቱ ይመለስ።