ባዮሎጂክ መድኃኒትን እንደ ኪኒን በማየት የሚፈጸሙ ስህተቶች

አስፒሪን ክብደቱ 180 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ የሆነ፣ በኬሚካል ቅመማ የሚሠራ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ኢንሱሊን ግን 51 አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሚፈጥሩት፣ ወደ 5,800 ዳልተን የሚጠጋ ፕሮቲን ሲሆን፣ ለመገጣጠሚያ ብግነትና ለአንዳንድ ካንሰሮች የሚሰጡት አንቲቦዲዎች ደግሞ 150,000 ዳልተን ገደማ ይመዝናሉ። ባዮሎጂክ የሚባሉት እነዚህ መድኃኒቶች የሚመረቱት በሕያዋን ሴሎች ውስጥ ነው፤ ፈዋሽነታቸውም በፕሮቲኑ አተጣጠፍ ላይ ስለሚመሠረት እንደ ኪኒን ከተያዙ በቀላሉ ይበላሻሉ።

አንዱ ከባድ ስህተት ኢንሱሊንን በፍሪጅ በረዶ ቤት ማስቀመጥ ነው። ብዙ ቤተሰብ «ይበልጥ ከቀዘቀዘ ይበልጥ ይቆያል» ብሎ በቅን ልቦና ያደርገዋል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ተመልሶ ቢሟሟም መጣል አለበት። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከኋለኛው ግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ግን አምራቹ ካሰፈረው የሙቀት ወሰን እስካላለፈ ድረስ ከፍሪጅ ውጭ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት፣ በተለይም በቆላ፣ ትንሽ ሸክላ በትልቅ ሸክላ ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው ያለውን አሸዋ ውኃ እያጠጡ መጠቀም ሙቀቱን በእርግጥ ይቀንሳል፤ የድሃ መላ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም።

ኤንፒኤች የተባለውን ወተት መሳይ ኢንሱሊን እንደ ሽሮፕ አጥብቆ መነቅነቅም ስህተት ነው። በሁለት መዳፍ መካከል በቀስታ ማንከባለል፣ ከዚያም ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፦ ነጭ ጓል ከተንሳፈፈ ወይም እንደ ውርጭ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከቀረ አይወጋም።

ባዮሲሚላርን፣ ማለትም ቀድሞ የተፈቀደን ባዮሎጂክ (ዋናውን) ተከትሎ በሌላ አምራች የሚሠራውን ተመሳሳይ መድኃኒት፣ «አስመስሎ የተሠራ» ብሎ መሸሽ ሌላው ስህተት ነው። ሕያው ሴል እንደ ማሽን አንድ ዓይነት ነገር ስለማይደግም ከራሱ ከዋናው መድኃኒትም አንዱ የምርት ዙር ከሌላው በጥቂቱ ይለያል፤ ስለዚህ ባዮሲሚላር እንደ ተራ ጄኔሪክ (የትንሽ ሞለኪውል መድኃኒት ቅጂ) ሳይሆን ከዋናው ጋር በዝርዝር እየተነጻጸረ የሚፈቀድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመጀመሪያውን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ጥንቃቄ የሚሻው፣ ሐኪም ሳያውቅ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀያየሩ ነው፤ ታካሚው የመድኃኒቱን የንግድ ስምና የምርት ዙር ቁጥር ቢመዘግብ መልካም ነው።

እንደ አዳሊሙማብና ኢንፍሊክሲማብ ያሉትን ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጡ አንቲቦዲዎች ያለ ቲቢ ምርመራ መጀመር ለአገራችን ሰው የበለጠ አደገኛ ነው። የሚያግዱት ቲኤንኤፍ የተባለው ፕሮቲን የተኛውን የቲቢ ባክቴሪያ አጥሮ ለማቆየት የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ አጥሩ ሲላላ በሽታው ይነሣል። ስለዚህ ቀድሞ ቲቢ የታከመ ወይም ከቲቢ ታማሚ ጋር የኖረ ሰው ይህን ሳይደብቅ ለሐኪሙ መናገር፣ ሕክምናውን ከጀመረም በኋላ የማይለቅ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካየ ቀጣዩን መርፌ ከመወጋቱ በፊት መመርመር ይኖርበታል።