እጅጌው አልሰፋ፣ አንገቱ አልመጣ፦ የሹራብ ፓተርን ላይ የቅርጽ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሻርፕ የሚሠራ ሰው ፓተርን (ሥራው ረድፍ በረድፍ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግር ጽሑፍ) ብዙም አያስቸግረውም። ጣጣው የሚመጣው ሥራው መስፋትና መጥበብ ሲጀምር ነው። እናቶቻችን ወረቀት አያዩም ነበር፤ ልጁን ጠርተው ጀርባው ላይ ለክተው ይቀጥላሉ። እኛ ግን የሰው ፓተርን ከስልክ ላይ እያነበብን ስለምንሠራ፣ አንዲት ቃል ስትዘለል ሁሉም ነገር ይዛነፋል። (“ዓይን” የምለው መርፌው ላይ ያለውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት ነው።)

እጅጌው ረዘመ እንጂ አልሰፋም

ፓተርኑ “በ44 ዓይን ጀምር፤ በ5ኛው ረድፍ፣ ከዚያ በየ6ኛው ረድፍ በሁለቱም ጫፍ 1 ዓይን ጨምር፤ 66 እስኪሞላ” ይላል እንበል። ስህተቱ ያለው “1” የምትለዋ ላይ ነው። ብዙ ሰው እሷን አይቶ በአንድ በኩል ብቻ ይጨምራል። በሁለቱም ጫፍ 1 ማለት ግን በአንዱ ረድፍ 2 ዓይን ማለት ነው። የጎደለው 22 ስለሆነ በ11 ጊዜ ይሞላል፣ የመጨረሻውም 65ኛው ረድፍ ላይ ይውላል። በ10 ሳንቲ ሜትር 30 ረድፍ የሚገባላችሁ ከሆነ ይህ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ጫፍ ብቻ ከሄዳችሁ 131 ረድፍ፣ ማለትም ወደ 44 ሳንቲ ሜትር ትሠራላችሁ፤ እሱም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ።

መፍትሄው መርፌ ከማንሳት በፊት ወረቀት ላይ መጻፍ ነው፦ 5፣ 11፣ 17፣ 23፣ 29፣ 35፣ 41፣ 47፣ 53፣ 59፣ 65። በጨመራችሁ ቁጥር አንዱን ሰርዙ። እኔ አንድ እጅጌ ሦስት ጊዜ ከተረተርኩ በኋላ ነው ይህን የለመድኩት። 66 ሞልቶ ርዝመቱ ካልደረሰ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ቀጥሉ።

የብብቱ አንድ ጠርዝ ያምራል፣ ሌላው የተቆራረጠ ይመስላል

በሁለቱም በኩል ሁለት ዓይን አንድ ላይ ሠርታችሁ ቀንሳችኋል። ይህ አቀናነስ፣ በፓተርን ቋንቋ ኬቱቶግ የሚባለው፣ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያጋድላል። በረድፉ መጨረሻ ላይ ተጠቀሙበት። መጀመሪያው ላይ ወደ ግራ የሚያጋድለው ኤስኤስኬ ይግባ፦ ሁለቱን ዓይኖች አንድ በአንድ ሳትሠሩ ወደ ቀኝ መርፌ አሻግሩ፣ የግራውን መርፌ ከፊታቸው አስገቡና አንድ ላይ ሥሩ። ሁለቱንም ከጠርዙ አንድ ዓይን ገባ ብላችሁ ብትሠሩ ለስፌትም ይመቻል።

ብብቱ አለቀ፣ አንገቱ ግን የለም

“በዚሁ ጊዜ” የምትለዋን ቃል አላያችኋትም። ፓተርን ጻፊዎች ለምን አንቀጹ መጨረሻ ላይ እንደሚደብቋት አይገባኝም! የብብቱ መቀነስ ሳያልቅ የአንገቱ ይጀምራል ማለት ነው። የረድፍ ቁጥር በግራ፣ የብብት ሥራ በመሃል፣ የአንገት ሥራ በቀኝ አድርጋችሁ በሠንጠረዥ ጻፉት። ያለፋችሁት ከሆነ አንገቱ እስከሚጀምርበት ረድፍ ከመተርተር ሌላ መንገድ የለም።

አንዱ ብብት ከሌላው በአንድ ረድፍ ከፍ አለ

ምንም አላጠፋችሁም። ዓይን የሚዘጋው (እንዳይተረተር ተቋጥሮ ከመርፌ የሚወርደው) ክሩ ባለበት፣ በረድፍ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ሁለተኛው ጎን አንድ ረድፍ ይዘገያል።

የዓይኑ ቁጥር ከፓተርኑ ጋር አልገጥም አለ

“80 (88፣ 96)” የሚለው የሦስት የተለያዩ ልኮች ቁጥር ነው፤ አንዴ ከቅንፍ ውጭ፣ አንዴ ከውስጥ አንብባችሁ ይሆናል። ሥራ ሳትጀምሩ የልካችሁን ቁጥር ከላይ እስከ ታች ክበቡ።

የካርዲጋኑ ሁለት ፊት ሁለቱም ግራ ሆኑ

“ቀኙን ቅርጹን ገልብጠህ ሥራ” የሚለውን ዘላችሁታል። ግራው ፊት ላይ በረድፍ መጀመሪያ የተቀነሰው ቀኙ ላይ በመጨረሻ ይቀነሳል፤ በፊተኛው ገጽ የተዘጋው ደግሞ በጀርባው ገጽ ይዘጋል። በጭንቅላት ከመገልበጥ እያንዳንዱን ረድፍ እንደገና መጻፍ ይሻላል። ሥራችሁ ፊትና ጀርባው አንድ የሚመስል ዓይነት ከሆነ ግን ዕድለኛ ናችሁ፦ አንዱን ገልብጡና ስፉት።