በማስክ የሚሰጥ የመተንፈስ ድጋፍ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ ሳይገባ፣ ፊት ላይ በሚታሰር ማስክ ግፊት ያለው አየር መስጠት በተለይ ለሁለት ዓይነት ሕሙማን ጥቅሙ በሚገባ ተረጋግጧል። እነርሱም ሲኦፒዲ (የአየር መተላለፊያን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ተባብሶባቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማቸው የተጠራቀመ እና በልብ ድካም ሳንባቸው ውኃ የቋጠረ ሕሙማን ናቸው። ውጤቱ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ስለሚጎድለው ሳይሆን በአጠቃቀሙ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ለማይስማማው ሕመምተኛ ማሰር ነው። ትንፋሹ የቆመ፣ በተደጋጋሚ የሚያስመልሰው፣ ፊቱ ክፉኛ የተጎዳ ወይም በደረቱ ውስጥ ያመለጠ አየር ያልወጣለት ሰው ማስክ ሊደረግለት አይገባም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደነዘዘው ሕመምተኛ ግን፣ ቱቦ ማስገባት የሚችል ባለሙያ በአቅራቢያው እስካለ ድረስ፣ በቅርብ ክትትል ሊሞከርለት ይችላል።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የተለመደው፣ በመነሻው ግፊት ላይ መቆም ነው። ባይፓፕ (አየር ሲገባና ሲወጣ ሁለት የተለያየ ግፊት የሚሰጥ የማስክ ድጋፍ) በማስገቢያው 10፣ በማስወጫው 5 ሴንቲ ሜትር የውኃ ግፊት ይጀመርና ሳይነካ ለሰዓታት ይቆያል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያስወጣው በአየር ማስገቢያው እና በማስወጫው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ስለሆነ፣ ሕመምተኛው እየቻለው በሄደ መጠን የማስገቢያው ግፊት በደቂቃዎች ውስጥ ደረጃ በደረጃ ወደ 20 አካባቢ፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ ከፍ ሊል ይገባል። ሁለቱን እኩል ከፍ ማድረግ ልዩነቱን ስለማይለውጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለመቀነስ አይረዳም።

ኦክስጅን ማብዛትም እንዲሁ ጎጂ ነው። ለሲኦፒዲ ሕመምተኛ የሚፈለገው የኦክስጅን ሙሌት ከ88 እስከ 92 በመቶ ሲሆን፣ ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ 99 ማሳየቱ የምሥራች ሳይሆን የኦክስጅኑን መጠን ለመቀነስ የሚያበቃ ምክንያት ነው።

ማስኩን በኃይል ማጥበቅ የአፍንጫን አጥንት ቆዳ ያቆስላል፣ ሕመምተኛውንም ያስጨንቃል፤ ጥቂት አየር ቢያመልጥ ግን አብዛኞቹ ማሽኖች ያካክሱታል። ማሰሪያው ከመታሰሩ በፊት ማስኩን በእጅ ይዞ ማለማመድ፣ ምን እንደሚሰማውም በረጋ ድምፅ መንገር፣ ከማስታገሻ መድኃኒት በፊት ሊሞከር የሚገባው ነገር ነው። ባለ አንድ ቱቦ ማሽን ላይ የማስወጫው ቀዳዳ ከተደፈነ ሕመምተኛው የገዛ ራሱን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ስለሚተነፍስ፣ ይህም ሁልጊዜ ሊታይ ይገባል።

እጅግ አደገኛው ስህተት ግን ማስኩ እንዳልሠራ እየታየ መጠበቅ ነው። በሳንባ ምች ወይም በኤአርዲኤስ (ሳንባ በድንገት ተቆጥቶ ውኃ የሚቋጥርበት ከባድ ሕመም) ኦክስጅን ባነሳቸው ሕሙማን ላይ ማስኩ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ቱቦ ማስገባት በዘገየ ቁጥርም የመሞት አደጋው ይጨምራል። የደም ጋዝ ምርመራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊደገም፣ ፒኤቹ (የደሙ አሲድነት መለኪያ) ወደ 7.35 እየተመለሰ መሆኑም ሊረጋገጥ ይገባል። የደም ጋዝ መለኪያ በሌለባቸው ሆስፒታሎች የትንፋሽ ብዛት፣ የአንገት ጡንቻዎች ልፋት እና የንቃተ ሕሊና ሁኔታ በየጊዜው ሊመዘገቡ ይገባል፤ የኦክስጅን ሙሌት ብቻውን ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንም አይናገርምና። ማስኩ ካልሠራ ቀጣዩ እርምጃ ምን እንደሆነ፣ ማንስ እንደሚጠራ፣ ማሽኑ ከመጀመሩ በፊት ከሕመምተኛውና ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ በካርዱ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።