ዘይቱን ያላችሁ፣ የወደቀውን ፍሬ አንሱ

በጣና ዳር ጓሮዎች ዘይቱን ማብቀል አያስቸግርም፤ ያገኘውን አፈር ችሎ ያድጋል። ፍሬው ሲቆረስ ትል የሚገኝበት ግን በአያያዛችን ነው። ስሕተቶቻችን እነዚህ ናቸው።

የወደቀውን ከዛፉ ሥር መተው። ከሁሉ የከፋው ይኸ ነው፤ በየጓሮው እየታየ መታለፉም ያንገበግባል። የፍራፍሬ ዝንብ ሴቷ ልጡን ወግታ እንቁላሏን ከሥሩ ትጥላለች፤ የሚታየው የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠቆር ያለች ነጥብ ብቻ ናት። እንቁላሉ በጥቂት ቀን ይፈለፈላል፤ ትሉ ውስጡን እየበላ ሲያድግ ፍሬው ይወድቃል። ትሉም ወጥቶ ጥቂት ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ይገባና ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ዝንብ ሆኖ ይነሣል። የሚያርፈውም እዚያው ዛፍ ላይ፣ ወይም የጎረቤት ማንጎ ላይ ነው። ጠርጎ ብስባሽ ክምር ላይ መጣልም ያው ማርባት ነው። በየቀኑ ጠዋት ልቀሙ፤ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩና ከሳምንት በላይ ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ ካልሆነም ከግማሽ ሜትር በላይ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ስንዝር ቆፍሮ አፈር ማልበስ አይበቃም፤ ዝንቡ ፈንቅሎ ይወጣል።

በዛፉ ላይ ያለውን ደግሞ ገና እንጭጭ ሳለ፣ የዶሮ እንቁላል ሳያክል፣ አንድ በአንድ በወረቀት ከረጢት ሸፍኑት። በክረምት ወረቀቱ ስለሚበሰብስ ስስ ጨርቅ ይሻላል።

አለመግረዝ። ዘይቱን የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ዝም ከተባለ ሽቅብ ይመዘዛል፤ ፍሬው እጅ የማይደርስበት ቦታ ሆኖ የወፍ ሲሳይ ይሆናል፣ መሸፈንም መልቀምም አይቻልም። ለቅሞ እንደጨረሱ አናቱን ቆርጦ ከሁለት ሜትር ተኩል እንዳያልፍ መያዝ ነው።

መዓዛው ግቢውን እስኪሞላ መጠበቅ። ያኔ ዝንቧ ቀድማችኋለች። ለገበያ የሚሄደው ጥቁር አረንጓዴነቱ ለቆ ፈዘዝ ሲል ይለቀም፤ ፍጹም የበሰለው ከሁለት ሦስት ቀን አያልፍም። በጆንያ አትጫኑት፣ ይፈርጣል፤ ቅርጫት ውስጥ ሁለት ሦስት ድርብ ይበቃዋል። ቅቤ ካለበት ጓዳም አርቁት፤ ቅቤ ጠረኑን ይስባል።

ጣፋጭ ዛፍ አይቶ ፍሬውን መዝራት። ከዘር የበቀለው እናቱን ላይመስል ይችላል። ከዚያው ዛፍ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ምረጡና ልጡን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ዙሪያውን ላጡ። እርጥብ ብስባሽ አልብሳችሁ በላስቲክ ጠቅልሉ፤ ከላይና ከታች ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ነጫጭ ሥሮች በላስቲኩ ውስጥ ሲታዩ ከሥሩ በታች ቆርጣችሁ መጀመሪያ አፈር በያዘ የፕላስቲክ ከረጢት ተክላችሁ ጥላ ሥር አጠንክሩት፤ መሬት የሚገባው ክረምቱ ሲገባ ነው።