ባትሪ ስቀይር ሁሉን የሚረሳው ፓልም

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ያገኘሁት አሮጌ ፓልም ኤም 100 (ማስታወሻና ቀጠሮ የሚያዝበት የኪስ ኮምፒውተር) ሁለት ቀን ሠርቶ ድርግም ይላል። ባትሪ ስቀይርለት ደግሞ የጻፍኩት ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። 2 ሜጋባይቱ ሜሞሪ ኃይል ከተቋረጠበት ባዶ ነው የሚሆነው። ባትሪ እስኪቀየር የምታቆየው አንዲት ካፓሲተር (ጥቂት ኃይል አጠራቅማ የምትይዝ ትንሽ ዕቃ) ናት፤ እሷም ለአጭር ጊዜ ብቻ።

መጀመሪያ እሷን ጠረጠርኩ። በከንቱ ነው የወቀስኳት! የባትሪውን ቤት በስልኬ መብራት ሳየው ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ዱቄት ጋግሯል። የድሮ ባትሪ አፍስሶበት ኖሯል። የድሬ ሙቀትም ሳያግዘው አልቀረም። ንክኪው ስለደከመ ካፓሲተሯም በወጉ አትሞላም ነበር።

ጥጥ በሎሚ ነክሬ ጠረግኩት፤ በአልኮል ደገምኩት፤ በደንብ አደረቅኩት። የላላውን ስፕሪንግ በወረንጦ ሳብ አደረግኩ። ሁለት አዲስ ትሪፕል ኤ ባትሪ ከተትኩ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ባትሪ ከመቀየሬ በፊት ግን ኮምፒውተር ላይ መገልበጤን አልተውኩም፤ ካፓሲተሯ እንደሆነች አርጅታለች።