የኩላሊት እጥበት ላይ ያለን ሰው እንዴት እናንቀሳቅስ?

አባዬ ዕድሜውን በሙሉ ሐረር ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። አሁን ኩላሊቱ ደክሞ ደሙ በማሽን የሚጣራበት እጥበት ላይ ነው። አስታማሚው እኔ ነኝ።

እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች ከእኩዮቻቸው ይልቅ ለመርሳት በሽታ የተጋለጡ ናቸው። ኩላሊትን የሚጎዱት ስኳርና ደም ግፊት የአንጎልንም የደም ሥር አይምሩም። በእጥበት ሰዓት ግፊት ሲወርድ ደግሞ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ጥናቶች ላይ የሚንቀሳቀሱ ታማሚዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው አነስ ብሎ ታይቷል። እንቅስቃሴ ያድናል ማለት ግን አይደለም። ድሮውንም ጠንከር ያለው ሰው ነው ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው። ቢሆንም እግርና ልብ ስለሚጠቀሙ አይቀርባችሁ።

መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ፦ ልቡ ይችላል? ግፊቱ ስንት ሲሆን እንተው?

ከእጥበት በተመለሰበት ቀን ተዉት፣ ይተኛ። ያ ድካም ስንፍና አይደለም። በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይከር አውጡት። የጁገል ቁልቁለት ሲወርዱት ደስ ይላል፣ ግን መመለሻውን አስቡ። እኛ በሐረር በር ወጥተን አስፋልቱን ይዘን ነው የምንሄደው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይበቃል። እየሄደ ማውራት ካቃተው ፈጥናችኋል ማለት ነው። አባዬ እንኳን ማውራት፣ ያገኘውን ሁሉ የሱሪ ስፌት ይተቻል።

ቤት ውስጥ ከመደብ መነሳትና መቀመጥ ግሩም ነው። እጁን ሳይደገፍ ከቻለ እሰየው። አምስት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና። አጠገቡ ቁሙ፤ መውደቅ ነው ትልቁ ጠላት።

ማሽኑ ላይ እያለም ይቻላል፣ ነርሷ ከፈቀደች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ይሻላሉ፣ ኋላ ላይ ግፊት ይወርዳል። አባዬ ስፌት መኪና እንደሚረግጥ ሆኖ እግሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ፊስቱላ፣ ማለትም የእጥበቱ መርፌ የሚገባበት ደም ሥር፣ ያለበት እጅ አይነቃነቅም። እጥበቱ በፊስቱላ ሳይሆን ብሽሽቱ ላይ በገባ ቱቦ ከሆነ ይሄን እርሱት።

ውሃ ጥም ይመጣል። አፉን ይጉመጥመጥ፣ ከተፈቀደለት የውሃ መጠን ላይ በሲኒ ቀንሳችሁ ስጡት። ጫት ግን አፍ ያደርቃል፣ ግፊትም ይጨምራል። በሐረር ይህን መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ጎረቤቶቼም ተቀይመውኛል።

እጥበት ካመለጠው፣ ትኩሳት ካለው ወይም ትንፋሽ ካጠረው የዚያን ቀን እንቅስቃሴ የለም። ደረቱን ካመመው ወይም ካዞረው ወዲያው ያቁም። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ከተምታታበት ደግሞ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።