ጋይድ ቀጥሮ ዓሣ ማጣት፦ በሚኒሶታ የኖቬምበር ሐይቆች ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር 1 ያለው ጊዜ በሚኒሶታ መስኪ ከተባለው ረጅም አዳኝ ዓሣ ትልልቁ የሚያዝበት ነው። ዓሣው ከክረምቱ በፊት ስብ ለማከማቸት ይበላል፣ የበጋው የጀልባ ግርግር የለም፣ ለምግብ የሚፈለገው ዎልአይ የተባለው ዓሣም ጥልቅ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል። ጋይድ፣ ማለትም ዓሣ የሚያስጠምድ መሪ፣ ስትቀጥሩ ጀልባው፣ ውኃ ውስጥ ያለውን የሚያሳየው ሶናርና የሐይቁ እውቀት የእሱ ነው። ዘንጉን የሚይዘው እጅ ግን የእንግዳው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጋይዱ በእናንተ ፋንታ ሊያስተካክላቸው የማይችላቸው ናቸው።

ሰዓቱን በሐበሻ መቁጠር

ጋይዱ «ሰባት ሰዓት ጀልባ ማውረጃው ጋ» ሲል ጠዋት አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። በቤተሰብ ቴሌግራም ላይ «ሰባት ሰዓት» ተብሎ ይተላለፍና አጎት ምሳቸውን በልተው ለመነሣት ይሰናዳሉ። ሚል ላክስ የተባለው ሐይቅ ከሚኒያፖሊስ ወደ 100 ማይል ግድም ነው፤ በመኪና ሄዶ የሚደረሰው ቀኑ ካለቀ በኋላ ይሆናል። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓት ወደኋላ ከተመለሰ በኋላ ፀሐይ የምትጠልቀው ለአሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው።

«መሸ፣ እንመለስ» ማለትም ያው ስህተት ነው። የዎልአይ ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው፤ በደብዛዛ ብርሃን ከሚያድነው ትንሽ ዓሣ የተሻለ ያያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያለውን የመጨረሻ ሰዓት ለማንም አትስጡ።

ጋቢ

ጋቢ ለመኪናው ነው። ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይይዝም፤ ጂንሱም፣ የጥጥ ካልሲውም ያው ነው። ከውስጥ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ልብስ፣ መሃል ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ይሁን። አየሩ 30 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ ጀልባው በሰዓት 40 ማይል ሲበር ፊታችሁ ላይ የሚሰማው 13 ዲግሪ ነው። ጓንት ሁለት ጥንድ ያዙ፣ አንዱ መርጠቡ አይቀርም። ጫማ ካልሲ የሚያፈናፍን ይሁን፤ እግር የሚጨብጥ ቡትስ ደም ስለማያዘዋውር ቶሎ ያደነዝዛል።

ላይፍ ጃኬቱን ከካፖርት ሥር መልበስ

በጋዝ የሚነፋው ቀጭኑ ዓይነት ከካፖርት በላይ ነው የሚለበሰው። ከሥር ከሆነ ሲነፋ የሚሄድበት ስለሌለው ደረትን ይጨምቃል። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚሆነው በሦስት ቁጥር ይያዛል፦ 1፣ 10፣ 1። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ሳይፈልጉ አየር መሳብና ማለክለክ ይመጣል፤ ያን ጊዜ አፍ ከውኃ በላይ ካልሆነ ሰው ይሰምጣል። ቀጥሎ እጅና እግር የሚታዘዙት 10 ደቂቃ ያህል ነው። ሰውነት ቀዝቅዞ ራስን እስከ መሳት የሚደርሰው ከ1 ሰዓት በኋላ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ግን ላይፍ ጃኬት ያለው ነው። ዋና መቻል በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ዎልአይን በበጋ እጅ መጎተት

የኖቬምበር ዎልአይ አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከ20 እስከ 35 ጫማ ጥልቀት፣ ከሩብ እስከ 3/8 አውንስ የሚመዝን ጂግ (ክብደት ያለው መንጠቆ)፣ ጫፉ ላይ ከ3 እስከ 5 ኢንች የሆነ ሕያው ትንሽ ዓሣ። መንጠቆው በአፉ ገብቶ ከጭንቅላቱ ጀርባ ይወጣል። ጀማሪው ይህን ሁሉ በትክክል አድርጎ ሲያበቃ ዘንጉን እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ያን አያሳድድም። ጂጉ መሬት ይንካ፣ ስድስት ኢንች ያህል ቀስ ብሎ ይነሣ፣ አምስት ሰከንድ ይቁም። ሲወርድም ክሩ ሳይላላ ይውረድ፤ ዓሣው ብዙውን ጊዜ የሚወስደው በመውረድ ላይ ነው፣ ክሩ ከላላ ደግሞ እጅ ምንም አያውቅም።

አነካከሱ ምት የለውም። እርጥብ ቅጠል የተንጠለጠለበት ያህል ክብደት ይመጣል፣ አንዳንዴም ጂጉ መድረስ ያለበት ቦታ ሳይደርስ ይቆማል። «ነከሰኝ መሰለኝ» እያሉ ወደ ጋይዱ መዞር አያስፈልግም፤ ዘንጉን ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ነው።

ሌላው ስለ ጥልቀት ነው። የዎልአይ የአየር ከረጢት ወደ አፍ የሚወጣ ቀዳዳ የለውም። ከ30 ጫማ በሚጠልቅ ውኃ ተስቦ ሲወጣ ከረጢቱ ያብጣል፣ ብዙውም ተለቆ አይተርፍም። እየያዙ መልቀቅ ደግነት የሚሆነው ጥልቀቱ ከዚያ ባነሰ ውኃ ነው። ጥልቅ ቦታ ላይ ኮታችሁ ከሞላ ቁሙ፤ ወይም ጋይዱን ጥልቀቱ ወዳነሰ ቦታ እንዲወስዳችሁ ጠይቁት። መስኪ ከአየር ከረጢቱ አየር ማስወጣት ስለሚችል ይህ ችግር የለበትም። የእሱ ችግር ሌላ ነው፣ እንመጣበታለን።

በረዶ የያዘውን ቀለበት በጣት መስበር

አየሩ ከ32 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲሆን ከክሩ የሚንጠባጠበው ውኃ የዘንጉን ቀለበቶች ይዘጋል። በጥፍር ወይም በፕላየር የሚሰብሩ አሉ፤ በረዶው ሲሄድ በቀለበቱ ውስጥ ያለው የሴራሚክ ክብ አብሮ ይሄዳል፣ የቀረው ስለት ደግሞ ክሩን ይበላዋል። ዘንጉን እስከ ተዘጋው ቀለበት ድረስ ሐይቁ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ መንከር በቂ ነው። ውኃው ከአየሩ ይሞቃል። የሪሉን፣ ማለትም የክር መጠቅለያውን፣ ፍሬንም በየጥቂቱ ክሩን በእጅ ሳብ እያደረጋችሁ ፈትሹ፤ እርጥብ ሪል ጀልባ ወለል ላይ ተቀምጦ ከቆየ ፍሬኑ ተጣብቆ ይጠብቃችኋል፣ የምታውቁትም ዓሣው ሲጎትት ነው።

ማባበያው ጀልባው ጋ ሲደርስ ማንሣት

መስኪን ፈረንጆቹ የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ ይሉታል። ከሦስት መቶኛው ውርወራ በኋላ እንግዳው ማባበያውን ከጀልባው ሁለት ሜትር ሲቀረው ብድግ ያደርገዋል፤ ለቀጣዩ ውርወራ ቸኩሎ ነው። መስኪ ግን ማባበያን ተከትሎ እስከ ጀልባው ጥግ የሚመጣ፣ እዚያም የሚወስድ ዓሣ ነው። ያልታየ ዓሣ ከሥር ቆሞ እያለ ምግቡ ወደ ሰማይ ሄደበት ማለት ነው።

መፍትሔው ስምንት ቁጥር መሳል ነው፣ በእያንዳንዱ ውርወራ መጨረሻ፣ ዓሣ ታየም አልታየም። ማባበያው ከዘንጉ ጫፍ አንድ ጫማ ከግማሽ ያህል ሲቀረው መጠቅለሉ ይቆማል። የዘንጉ ጫፍ ሁለት ሦስት ጫማ ውኃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሳይቆም ሰፊ ስምንት ይሳላል። መጠምዘዣው ሰፊ ይሁን፤ አራት ጫማ የሚሆን ዓሣ በጠባብ መዞር አይችልም። በኖቬምበር ከበጋው ቀስ ይበል፣ ጥልቅም ይሁን። ዓሣው ከታየ መቆም፣ መጮኽና ስልክ ማውጣት የለም፤ እጅ መሳሉን ይቀጥላል፣ አፍ ብቻ በቀስታ «አለ» ይላል። ከሁለትና ሦስት ዙር በኋላ ዞር ብሎ የሄደ ዓሣ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ሁለት ዙር ይጨመር።

ሲነክስ ደግሞ ዘንግን ወደ ላይ መስቀል የለመደ ሰው መንጠቆውን ከአፉ ይነቅለዋል። ወደ ጎን፣ ዝቅ አድርጎ፣ በወገብ ጉልበት ይጎተት። 80 ወይም 100 ፓውንድ የሚችል ክር የታሰረው ለዚሁ ነው።

በሕያው ሰከር ላይ መጠበቅ

ውኃው ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ ከአንድ ጫማ የሚረዝም ሕያው ሰከር፣ ለማጥመጃ የሚሆን ዓሣ፣ ከጀልባው ጎን ይንሳፈፋል። «ይዋጠው፣ ጊዜ ስጡት» የሚል የድሮ ምክር አሁንም ይሰማል። የዋጠ መስኪ ሆዱ ውስጥ መንጠቆ ይዞ ይሞታል። ዛሬ የሚታሰረው ሁለት ባለ ሦስት ሹል መንጠቆዎች፣ አንዱ ጭንቅላቱ አጠገብ አንዱ ጀርባው ላይ፣ ወዲያው እንዲጎተት የተሠራ ነው። ሪሉ መጮኽ ሲጀምር ዘንጉን አንሡ፣ ጋይዱ ጀልባውን ወደ ዓሣው ሲያስጠጋ የላላውን ክር ጠቅልሉ፣ ክብደቱ ሲሰማ ጎትቱ።

በሚኒሶታ ክፍት ውኃ ላይ ለአንድ ሰው የተፈቀደው አንድ ክር ነው። የሰከሩ ዘንግ የእናንተ ከሆነ እየጠበቃችሁ ሌላ መወርወር አይቻልም። ሦስት ሰው ከሆናችሁ ማን እንደሚወረውር፣ ማን ሰከሩን እንደሚይዝ ጠዋት ተነጋገሩ። ዊስኮንሲን የሄደ ዘመድ «እዚያ ሦስት ዘንግ ይያዛል» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ግን እዚያ ነው።

ፎቶው

አሁን ወደ ዋናው። አምሳ ኢንች የሆነ መስኪ መረብ ውስጥ ገባ። ጀልባው ላይ እልልታ። እንግዳው «አውጣው፣ አውጣው» ይላል። ዓሣው ወጣ፣ ስልኩ በጓንት አልከፈት አለ፣ ጓንት ወለቀ፣ ስልኩ ተከፈተ፣ ፀሐይ ከኋላ ነች ተባለ፣ ቦታ ተቀያየረ፣ ሁለተኛው ሰው «እኔም ልያዘው» አለ፣ ለእናት ደግሞ በቪዲዮ ተደወለ። ሁለት ደቂቃ አለፈ። በዚህ ሁሉ አየሩ 22 ዲግሪ ፋራናይት ነው። ዓሣው የሚተነፍስበት ስንጥብ እንደ እርጥብ ወረቀት ስስ ነው፤ በዚያ አየር ላይ ሲጋለጥ በረዶ ይይዛል፣ ዓይኑም እንደዚያው። ሲለቀቅ ጅራቱን አወዛውዞ ይሄዳል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ የደረሰበት ጉዳት ግን ከዓይን ውጪ ነው። ይህ ዓሣ እዚህ ርዝመት ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ስለዚህ እንደዚህ ይደረግ። ዓሣው መረብ ውስጥ፣ መረቡ ውኃ ውስጥ ይቆይ። መንጠቆ መንቀሉ የጋይዱ ሥራ ነው፤ ካልወጣ ግንዱን በመንጠቆ መቁረጫ ይቆርጠዋል። እጃችሁን አትስደዱ፣ ክሩንም በእጅ አትጠምጥሙ፤ አንድ ጊዜ ከተወራጨ አንዱ መንጠቆ በእሱ ሌላው በእናንተ መዳፍ ይቀራል። ዓሣው ገና ውኃ ውስጥ ሳለ ካሜራው ይከፈት፣ የሚያነሣው ሰው ይወሰን፣ ሌላው ቦታውን ይያዝ። ከዚያ አንድ እጅ በስንጥብ ሽፋኑ ሥር፣ አንድ እጅ ከሆዱ ሥር፣ አግድም፤ አንሥታችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ። ትንፋሻችሁ ሲያልቅ የእሱም ጊዜ አልቋል፣ መልሱት። አየሩ ከ32 ዲግሪ በታች ከሆነ ከነጭራሹ አታውጡት፤ ውኃው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚነሣ ፎቶ ያምራል፣ ርዝመቱንም ተንሳፋፊ ማስመሪያ ይነግራችኋል።

በጥንቃቄ የተያዘም ይሞታል። የሚኒሶታ የመስኪ ሪኮርድ 55 ፓውንድ ከ14.8 አውንስ ነው፣ በኖቬምበር 22፣ 2021 ሚል ላክስ ላይ የተያዘ። ያጠመዱት ሰዎች ሊለቁት ደክመው አልሆነላቸውም። ከእነሱ በፊት የነበረው ሪኮርድ ከ1957 ጀምሮ የቆየ ነበር።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ

የጋይዱ ፈቃድ የእናንተን አይተካም፤ 16 ዓመት የሞላው ሁሉ የራሱን ይግዛ፣ ከመንገድ በፊት በስልክ ይገዛል። መስኪ ለማስቀረት በአብዛኞቹ ሐይቆች 54 ኢንች መሙላት አለበት፣ ስለዚህ «ለቤት እንውሰድ» የሚለው ጨዋታ በአብዛኛው እዚያው ያልቃል። ዎልአይ ግን ይበላል፤ ሐይቁ ሁሉ የየራሱ ልክ ስላለው ለሌላ ሐይቅ የሰማችሁትን አታምጡ። ሌክ ኦፍ ዘ ዉድስ ላይ ለምሳሌ ከ19 ከግማሽ እስከ 28 ኢንች ያለው ወዲያው ይመለሳል። የገና ጾም ኅዳር 15፣ ማለትም ኖቬምበር 24፣ ይገባል፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ጀልባ ላይ አትጀምሩት፣ አያልቅም፣ ዓሣም አይነክስም።

ሙዝም አትያዙ። ብዙ ጋይዶች ሙዝ ጀልባ ላይ ገደ ቢስ ነው ይላሉ። የምር የሚያምኑበት ጥቂቶች ይሆናሉ፣ ግን ለስምንት ሰዓት ፊቱን ያጠቆረ ሰው አጠገብ መቀመጥ ለአንድ ሙዝ ውድ ነው። ዳቦ ቆሎና አንድ ፔርሙዝ ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ ለእሱም ቅዱለት። ጉርሻው ከዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፣ ዓሣ ባይያዝም።

«እስከዚህ ድረስ ነድተን መጥተን?»

ሚል ላክስ ሰፊ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ከ42 ጫማ አይበልጥም፤ እንዲህ ያለ ውኃ በነፋስ ቶሎ ይነሣል፣ ማዕበሉም አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ጋይዱ ጠዋት ደውሎ «ዛሬ አንወጣም» ካለ መከራከር የለም። መከራከሪያው ጊዜ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ነው፦ በነፋስ ወይም በበረዶ ከቀረ መያዣው ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል፣ መስኪ ዲሴምበር 1 ስለሚዘጋ ለመቀየሪያ የቀረ ቀን አለ ወይ፣ የጀልባ ማውረጃው በረዶ ከያዘስ ሌላ ሐይቅ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።